በረዶው የገፋው ድንጋይ

መርጡለ ማርያም ላይ ቆሞ ስለ ግግር በረዶ ማውራት ሰሚውን ፈገግ ያሰኛል። ጮቄ በስተምዕራብ ሩቅ አይደለም፤ አናቱ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል ያድራል፣ ጓሳው ነጭ ለብሶ ይነጋል፣ በክረምትም ዱብ ዱብ ያለው በረዶ ሜዳውን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል። ግን ጠዋት የታየው ለቀትር አይደርስም። በዚህ አገር በረዶ የደረሰ እህል የሚመታ መዓት ነው እንጂ ተራራ የሚፍቅ ጉልበት ነው ብሎ የሚያስበው የለም። በስተምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ወሎ ነው። በደጋውና በቆላው መካከል የሚኖር ሰው «በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተኛ በረዶ ነበር» ቢባል «ማን አየ?» ማለቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያየ ሰው ቢኖርም ያየውን ጽፎ አላስቀመጠልንም። እንግዲያ ማንን ምስክር እንጥራ?

በረዶ ለምስክርነት የማይመች ነገር ነው። እሳት አመዱን ይተዋል፣ እንስሳ አጥንቱን ይተዋል፤ በረዶ ሲሄድ ግን ውኃ ሆኖ ይሄዳል፣ ከራሱም ቅንጣት አያስቀርም። የሚቀረው እሱ ያልሆነው ነው፦ የፈጨው አፈር፣ የቧጨረው ቋጥኝ፣ ከፊቱ እየገፋ ወስዶ የከመረው ድንጋይ። ይህም ቢሆን ዋስትና የለውም። ግግሩ ከዘመናት በኋላ ተመልሶ ቢመጣና ከቀድሞው ርቆ ቢወርድ፣ የቀድሞውን ክምር ጠርጎ ከራሱ ክምር ጋር ይደባልቀዋል። ስለዚህ በረዶው ስንት ጊዜ እንደ መጣ ለማወቅ ተራራው አናት ላይ መቆም ብዙ አይጠቅምም። እዚያ የሚሰማው ከሁሉ የበረታው፣ ወይም ከሁሉ በኋላ የመጣው ብቻ ነው። የቀደሙትን የሚያውቃቸው ወንዙ ነው። ግግሩ ፈጭቶ የተፋውን ጠጠርና አሸዋ ተቀብሎ፣ ወረድ ብሎ፣ በረዶው በማይደርስበት የሸለቆው ጎን እያነጠፈ አስቀምጦታል። የኃያሉ ታሪክ የተጠበቀው ኃያሉ ገፍቶ ባስወጣው ነገር ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ከያዝኩት ወዲህ ሌላ ሌላውንም ታሪክ በዚሁ ዓይን ማየት ልማድ ሆኖብኛል፤ ልማዱ ግን ወጥመድም አለው፣ እመጣበታለሁ።

የወንዝ ደለልን እንዲህ በሥርዓት በማንበብ የታወቁት አልብሬሽት ፔንክና ኤድዋርድ ብሩክነር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1909 ባሳተሙት ስለ አልፕስ የበረዶ ዘመን በሚያትት ሥራቸው፣ ከተራሮቹ በስተሰሜን ባሉት የደቡብ ጀርመን ወንዞች ዳር አራት የጠጠር እርከኖችን ለይተው አሳዩ። ወንዝ እያደር ወደ ታች ስለሚቆርጥ ከፍ ብሎ የቀረው እርከን አሮጌው ነው፤ ዝቅ ያለው አዲሱ። እርከኖቹን ሽቅብ ወደ ተራራው ሲከተሏቸው ጠጠሩ ግግሩ ከከመረው ድንጋይ ጋር ይጋጠማል። አራት እርከን፣ አራት የበረዶ ዘመን። ጉንዝ፣ ሚንደል፣ ሪስና ቩርም ተባሉ፤ ሁሉም የዚያው አካባቢ ወንዞች ስም ነው። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ በረዶ የነካውንም ያልነካውንም አገር ታሪክ በእነዚህ አራት ስሞች መክፈል የተለመደ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቼዛሬ ኤሚሊያኒ ሌላ መዝገብ ይዞ መጣ፤ ከጥልቅ ባሕር ወለል የተወጋ ደለል። በደለሉ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ዛጎሎች የሚገኘው የኦክሲጅን ዓይነት፣ በምድር ላይ በረዶ ሲበዛና ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ይለዋወጣል። ባሕሩ በአራት አላበቃም። ዛሬ ባለፉት 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ከ50 በላይ የብርድና የሙቀት ዙሮች ይቆጠራሉ። የጀርመን ወንዞች አልዋሹም፤ ያላቸውን ሰጡ። የጎደላቸውን ግን «ጎድሎኛል» አላሉም። ከላይ ወጥመድ ያልኩት ይህ ነው፦ የጎደለ መዝገብ ሙሉ መስሎ ይነበባል። ሰው ሲናገር መሐል ላይ ዝም ቢል ዝምታው ይሰማል፤ በደለል ግን የመቶ ሺህ ዓመት ዝምታ ውፍረት የለውም። የላይኛው ንጣፍ በታችኛው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል፣ መሐላቸው ያለው አንድ መስመር ነው፣ መስመሩም የወረቀት ያህል እንኳ ቦታ አይዝም።

(ስለ ምስክር ካነሳን ዘንድ፦ በስዊዘርላንድ ተራሮች ከሊቃውንቱ ቀድሞ ነገሩን የጠረጠረ ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል አዳኝ ነበር። የሸለቆውን ትልልቅ ቋጥኞች ያመጣቸው ግግሩ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1815 ለዣን ደ ሻርፓንቲዬ ነገረው። ሻርፓንቲዬ የማይመስል ነገር ብሎ ተወው፤ ከዓመታት በኋላ የዚሁ ሐሳብ ዋና ጠበቃ ሆነ። «ማን አየ?» ለሚለው አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ዕለት ዕለት ድንጋዩን እየረገጠ የሚያልፈው ሰው።)

በአገራችን ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳው፣ ቤይትና ጸጋዬ ኃይሉ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንት ግግር በረዶ የተዋቸው አለቶች መገኘታቸውን አሳተሙ። አለቶቹ የተሰየሙት በትግራይ በምትገኘው እዳጋ ዓርቢ ነው። ዕድሜያቸው ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ጎንድዋና የተባለው የጥንት ታላቅ አህጉር አካል ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀረብ ብላ በተኛችበት ዘመን የተቀመጡ ናቸው። እዚያው ትግራይ በእንጢጮ ስም በሚጠራው አሸዋማ አለት ውስጥ ደግሞ ከዚያም የቀደመ፣ ከዛሬ 445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበረ ሌላ የበረዶ ዘመን አሻራውን ትቷል። ሁለቱ በአንድ አገር አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡ ናቸው። መሐላቸው የቀረው 140 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከዳይኖሰሮች መጥፋት እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ እጥፍ የሚያህል ዘመን በሁለት አለቶች መገናኛ ላይ ተጣጥፎ ይገኛል፤ ዓይን ግን መስመር ብቻ ነው የሚያየው።

በረዶ መሆኑ እንዴት ታወቀ? ከማስረጃዎቹ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ አንዱ ነው። እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሳሱ የደለል ንብርብሮች አሉ፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ጭቃ የሚዘቅጠው ውኃ ረግቶ ሲቆም ነው። በእነዚህ ቅጠሎች መሐል ሰው ሊያነሳው የማይችል ድንጋይ ብቻውን ተቀምጦ ይገኛል። ጎርፍ አመጣው እንዳንል፣ ያን የሚያህል ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ቅጠሎቹን ጠርጎ በወሰዳቸው ነበር። ከድንጋዩ በታች ያሉት ንብርብሮች ጎብጠዋል፤ ከላይ ያሉት ለስለስ ብለው ሸፍነውታል። ስለዚህ የመጣው ከጎን ሳይሆን ከላይ ነው። ከግግሩ ተገምሶ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ድንጋዩን በሆዱ ይዞ መጣ፣ ቀለጠ፣ ጣለው። ተንሳፋፊው በረዶ አሁን የለም፣ ውኃውም የለም፣ ግግሩም የለም። ያለው፣ ቦታው ባልሆነ ቦታ የተቀመጠ አንድ ድንጋይና ከሥሩ የጎበጠ ጭቃ ነው። የማይታየውን ለማመን ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ያለው ምክንያት ከተሰጠኝ ለማመን አልቸገርም።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አያደላም። ጭቃ፣ ጠጠርና ቋጥኝ ሳይለይ የተደባለቀበትን ንጣፍ አንድ የጎጃም ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው ቢያየው ትርጓሜውን በለመደው መንገድ ይጀምረው ይሆናል፦ አንድም ጎርፍ ነው፣ አንድም ናዳ ነው፣ አንድም ግግር በረዶ ነው። እውነትም ሦስቱም እንዲህ ያለ ንጣፍ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካን የበረዶ ዘመን ደለል ሲያጠና የኖረው ቶማስ ቻምበርሊን ተመራማሪ ብዙ መላምቶችን በአንድ ጊዜ መያዝ እንዳለበት ጻፈ፤ አንድ ብቻ የያዘ ሰው ለሐሳቡ እንደ ወላጅ እየሳሳ የማይስማማውን ማስረጃ ማየት ይሳነዋል ብሎ ነበር የፈራው። ይህን ያለው የበረዶ ደለል አንባቢ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ ቁሱ ራሱ ያስገድዳል። ሆኖም በ«አንድም» የሚተረጉመው የጉባኤ ቤቱ መምህርና ቻምበርሊን እስከ መጨረሻው አብረው አይሄዱም። ለመምህሩ ትርጓሜዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አንዱ ሌላውን ሳያባርር ምሥጢሩን ያሰፋዋል። ለቻምበርሊን ግን ትርጓሜዎቹ ተቀናቃኞች ናቸው፤ አብረው የሚቆዩት ማስረጃ እስኪለያቸው ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከቻምበርሊን ጋር ነኝ። ያ ንጣፍ በአንድ ቀን ናዳ መጥቶ ከሆነ በሺህ ዓመት በረዶ አልመጣም። ከመምህሩ የምወስደው ግን ትዕግሥቱን ነው፤ ሁለተኛውን «አንድም» ሳይሰማ ከወንበሩ አይነሳም።

የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ራሱ እንዲህ ያለ ንባብ የሚጠይቅ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት ምሥረታዋን ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጥርብ ድንጋይ ያሠሩት ሕንፃ በዝናው ታወቀ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ኢየሱሳውያን እዚያው ላይ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1842 ቦታውን ያየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ፍርስራሹን ገልጾ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አጥኚዎች የትኛው ቅርጽ የእቴጌይቱ ሠራተኞች፣ የትኛው የኢየሱሳውያኑ እንደሆነ ሲከራከሩ ኖረዋል። በኋላ የመጣው ግንበኛ የቀድሞውን ድንጋይ አንስቶ በራሱ ግድግዳ ውስጥ ሲያስገባው ድንጋዩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቦታው ነው፣ ቦታው ሲጠፋ ደግሞ ዘመኑ አብሮ ይጠፋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ ያለው የአባይ ገደል ከዚህ የሚበልጥ መዝገብ ነው። ደጀንን ለቆ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሻገር ተሳፋሪ በመኪና መስኮት የሚያየው ግድግዳ፣ ላዩ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ጥቁር ባሳልት ነው። ከሥሩ ባሕር በነበረ ጊዜ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጅፕሰም፣ ከዚያ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላሉ። ጮቄ ራሱ ከባሳልቱ በላይ ዘግይቶ የተከመረ፣ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ እሳተ ገሞራ ነው። ሰው ሁሉ የአባይን ሸለቆ የተከፈተ መጽሐፍ ይለዋል። እኔ ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው እላለሁ። መጽሐፉን የከፈተው ወንዝ ገጾቹንም እየቀደደ የወሰደው እሱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ወንዞቹ ጠርበው የወሰዱት አለት ከ90,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ ተሰልቷል። እኛ ቆመን የምናደንቀው ሸለቆ የዚያ ጉድለት ቅርጽ ነው። የተወሰደው ከፊሉ የሱዳንን የገዚራ ሜዳ ሠርቷል፣ ከፊሉ የግብፅን ደልታ፣ የቀረው ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ተኝቷል። የጎጃም ደጋ ታሪክ ብዙው ክፍል የሚገኘው ከጎጃም ውጭ ነው።

ገዚራ ላይ ደለሉን ያነበቡ ሰዎች አንድ የሚደጋገም ነገር አስተውለዋል። የኢትዮጵያ ደጋ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ዛፉ ወደ ታች ይሸሻል፣ ከፍ ያለው ተዳፋት ይራቆታል፣ ብርድ የሰነጠቀው ድንጋይ ይንከባለላል፤ አባይም በክረምት ብቻ እየደነፋ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ይወርዳል። ሲሞቅና ሲረጥብ ተዳፋቱ ሣርና ደን ይለብሳል፣ ወንዙም ደቃቅ ጭቃ ይዞ ይፈሳል። ሱዳን ሜዳ ላይ ያለ ጠጠር የደጋውን ብርድ ይናገራል።

ደጋው ራሱስ? ስሜን ላይ ግግር በረዶ የከመረው ድንጋይ ከታወቀ ቆይቷል፤ ላስታ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ላይም አነስተኛ ግግሮች የተዋቸው ምልክቶች ተገኝተዋል። በደንብ የተለካው ግን ባሌ ነው። አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ግግሩ ያስቀመጣቸውን ቋጥኞች ዕድሜ መረመሩ። መንገዱ የሚገርም ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የተጋለጠን ድንጋይ ሲመታ ክሎሪን 36 የሚባል ነገር በውስጡ ያጠራቅማል፤ ይህን በመለካት ድንጋዩ በረዶው ጥሎት ከሄደ ጀምሮ ስንት ዘመን ሰማይ ሲያየው እንደኖረ ይሰላል። የባሌ ግግሮች ከሁሉ በላይ የሰፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች የገነኑበት ዘመን ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ የባሌው መሸሽ ጀምሮ ነበር።

ይህ በመዝገቦች መካከል ከሚገኘው አለመስማማት ሁሉ የሚጣፍጠው ነው። ከላይ የጀርመን አራት ስሞች በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተጫኑ አይተናል። ባሌ ደግሞ በራሱ ጊዜ በርዶ በራሱ ጊዜ ሞቀ። ምክንያቱን ለመጠርጠር አያዳግትም፤ ብርድ ብቻውን ግግር አይሠራም፣ እርጥበት ይፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ደጋው ደርቆ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ፣ ከእነሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር፣ ከጣና ሐይቅ ወለል ባወጡት ደለል መሠረት ጣና ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ ደርቆ እንደ ነበር አሳዩ። ዛሬ ታንኳ በሚቀዘፍበት መሐል ሐይቅ ረግረግ ነበር። አባይ ከጣና ሳይወጣ የቆየበት ዘመን ነበር ማለት ነው፤ ለጎጃም ሰው ይህን መስማት ቀላል አይደለም። (ዛሬም ቢሆን ከጣና የሚወጣው ውኃ ድንበር ከሚሻገረው ውስጥ ከአሥር አንዱን አይሞላም፤ አባይን አባይ የሚያደርጉት ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋንና ተምጫን የመሰሉት ናቸው፣ እነዚህም ጮቄን ይዘው የሚወርዱ።)

«ማን አየ?» ላለውም ባሌ ሁለተኛ መልስ አለው። ፍንጫ ሀበራ በሚባል፣ ከባሕር ጠለል ወደ 3,470 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን እየተመላለሱ ይኖሩ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ከበላያቸው ግግሩ ተኝቶ፣ ከሱ የሚቀልጠውን ውኃ እየጠጡ። ያዩ ሰዎች አሉ። የነገሩን ግን በቃል አይደለም፤ የተቃጠለ አጥንትና የተፈለጠ ድንጋይ በትቢያው ውስጥ ትተው ነው፣ እነሱም እንደ በረዶው በጣሉት ነገር ነው የታወቁት።

አሁን የሚጻፈውን ገጽ ማን ያነበዋል የሚለውን ሳስብ ግን እዚያው ጮቄ ላይ እመለሳለሁ። ገብሱና ድንቹ ሽቅብ እየወጣ ጓሳውን ገፍቶታል፤ በየክረምቱ ተዳፋቱ ይራቆታል፣ ድንጋዩ ይገጣል፣ ወንዞቹ አፈርና ጠጠር ተሸክመው ይወርዳሉ። ድሮ ይህ እስከ ገዚራና ከዚያም ወዲያ ይደርስ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ከሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ወዲህ ግን ብዙው ከግድቡ በስተኋላ ይዘቅጣል፤ ጠጠሩም ቀደም ብሎ በየገባሩ ዳር ይቀራል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ አንድ አንባቢ የሱሃን ወይም የሙጋን ዳር ቆርጦ ቢያይ የሚያገኘው ምንድን ነው? ለስላሳ ደለል፣ በላዩ ድንገት ሸካራ ጠጠር፣ ከራቁት ተዳፋት የወረደ። ገዚራ ላይ ደጋው ቀዝቅዞ ነበር የሚለን ምልክት ይኸው ነው። አንባቢው በአንድ ሐሳብ የሚሳሳ ከሆነ፣ በ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም ላይ ታላቅ ብርድ ወደቀ ብሎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመው የባሕር ደለል ደግሞ ዓለም እንደ ሞቀ እየነገረው ይቸገራል። ቻምበርሊንን የሰማ ከሆነ ግን አንድም ብርድ፣ አንድም ማረሻ ብሎ ይጀምራል፤ ጠጠሩን ትቶ በመሐሉ ያለውን ደቃቅ ጭቃ በአጉሊ መነጽር ሥር ያደርጋል። ከጭቃው ውስጥ የገብስና፣ በምኒልክ ዘመን ወደ አገሩ የገባው የባሕር ዛፍ የአበባ ብናኝ ይወጣለታል፤ ከሁለቱ ትርጓሜዎች አንዱም ይወድቃል።